ከሰው ቤት በኋላ ምን ልሥራ?

ወደ በጎ ፈቃደኞች ስልካችን ከሚመጡት የድምፅ መልእክቶች አብዛኞቹ ስለተከለከለ ደሞዝ፣ ስለተያዘ ፓስፖርት ወይም ስለ ሕመም ናቸው። ለእነዚህ ቢያንስ የምንጠይቀው ሰው፣ የምንደውልበት ቦታ አለ። እኔን የሚያስቸግረኝ ማታ ማታ፣ ሥራ ካለቀ በኋላ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚቀዱት ነው። «እህቴ፣ ኮንትራቴ ሊያልቅ ሦስት ወር ቀረው። አገሬ ብገባ ምን እሠራለሁ? ሰው ቤት ብቻ ነው የሠራሁት፤ ሌላ የማውቀው ነገር የለም።»

እኔም ቤይሩት አምስት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ፤ ግማሹን በኮንትራት፣ ግማሹን በፍሪላንስ። አሁን አዲስ አበባ ልብስ እየሰፋሁ ነው የምኖረው፣ በትርፍ ሰዓቴ ደግሞ ለእናንተ መልእክት እመልሳለሁ። «ሌላ የማውቀው የለም» ለምትለኝ ሁሉ መጀመሪያ የምሰጣት የቤት ሥራ አንድ ነው። ትናንት ከእንቅልፍሽ ከተነሣሽበት እስከተኛሽበት ድረስ ያደረግሽውን ሁሉ፣ አንድም ሳታስቀሪ፣ በድምፅ ላኪልኝ እላታለሁ።

«ምንም» የምንለው ሥራ

ጅዳ የምትሠራ አንዲት እህት 11 ደቂቃ የሚሆን ድምፅ ላከችልኝ። «ያው እንደተለመደው ነው» ብላ ጀመረች። የማዳሟ እናት ስትሮክ መቷቸው በአንድ ጎናቸው አይንቀሳቀሱም። ቆዳቸው እንዳይቆስል በየ2 ሰዓቱ ጎናቸውን ትቀይራለች፣ ተረከዛቸውንና መቀመጫቸውን እያየች። ጠዋት ከቁርስ በፊት ስኳራቸውን ለክታ ቁጥሩን ደብተር ላይ ትጽፋለች፣ ኢንሱሊን ትወጋለች፤ ትናንት በግራ ሆዳቸው ከሆነ ዛሬ በቀኝ። ላብ ላብ ብሏቸው ሲንቀጠቀጡ ካየች ስኳራቸው እንደወረደ ታውቃለች፣ ቶሎ ብላ ጁስ ታጠጣቸዋለች። ውሃ ስለሚያንቃቸው ቀና አድርጋ፣ በትንሽ በትንሹ ነው የምታጠጣቸው። ከዚያ ደግሞ ምሳ፣ ልብስ፣ ሦስት መታጠቢያ ቤት፣ የልጆቹ ቁርስ።

«ይህን ሁሉ ማን አስተማረሽ?» አልኳት። «ነርሷ አንድ ሳምንት መጥታ አሳየችኝ፤ ከዚያ በቃ ራሴ ነኝ» አለችኝ። አራት ዓመት እንዲህ ሠርታ ነው እንግዲህ «ምንም አላውቅም» የምትለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። መርፌ መውጋት የቤት ሥራ አይደለም። ቤት ለማጽዳትና ለማብሰል የተዋዋለች ሴት ኢንሱሊን እንድትወጋ ከተደረገ ቢያንስ በጤና ባለሙያ መሠልጠን አለባት፣ መጠኑም በሐኪም የተጻፈ መሆን አለበት። በቃል ብቻ «ዛሬ ትንሽ ጨምሪበት» ስትባይ በወረቀት ወይም በዋትስአፕ እንዲጽፉልሽ ጠይቂ፤ መልእክቱንም አታጥፊው። አንድ ነገር ቢፈጠር መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ።

ወደ ጉዳዩ ስመለስ፣ የዚህች እህት ሥራ ስም አለው። የአረጋውያንና የሕሙማን እንክብካቤ ይባላል። አዲስ አበባ ውስጥ አልጋ ላይ የዋሉ እናትና አባት ያሏቸው፣ ልጆቻቸው ውጭ አገር የሆኑ ቤተሰቦች እንዲህ ዓይነት ሰው አጥተው ይቸገራሉ። ቤት ውስጥ የምትረዳ ሰው ያገኛሉ፤ ቁስል ሳይፈጠር ቀድማ የምታይ ሴት ግን በቀላሉ አያገኙም።

ያንቺስ? ልጅ ከአራስነቱ ጀምሮ አሳድገሽ ከሆነ ስለ ትኩሳት፣ ስለ ተቅማጥ፣ ጥርስ ስለማብቀል፣ እንቅልፍ ስለማስያዝ የምታውቂው ቀላል አይደለም። አርባ እንግዳ የተጠራበትን የረመዳን ግብዣ ለብቻሽ አሰናድተሽ ከሆነ ስንት ኪሎ ሩዝ ለስንት ሰው እንደሚበቃ፣ የቱ ቀድሞ እንደሚቆረጥ፣ የቱ መጨረሻ ላይ እንደሚጠበስ ታውቂያለሽ። ምግብ ቤት የከፈቱ ሰዎች የሚከስሩት እኮ ይህን ባለማወቅ ነው። ጽዳትም እንደዚሁ ነው። ክሎሮክስን ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ጋር መቀላቀል ሳንባ የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ እንደሚያወጣ የምታውቅ፣ እብነ በረድ ላይ ሎሚና ኮምጣጤ የማታፈስ፣ ምንጣፉን ከቆሻሻው ዓይነት ጋር አገናዝባ የምታጥብ ሴት ለሆቴልም፣ ለቢሮ ጽዳትም የሚፈለግ እውቀት ነው ያላት። (ይህን ሁሉ እውቀት ይዘሽ ያለ ጓንት አትሥሪ። እጅሽ ተሰነጣጥቆ የሚያሳክክሽ ከሆነ ማታ ቫዝሊን ቀብተሽ የጥጥ ካልሲ አጥልቀሽበት ተኚ። ካልተሻለሽ ግን ሐኪም ይየው፤ ነገ በዚያ እጅ ነው የምትሠሪው።)

ስለዚህ ደብተር ያዢ። ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው ዓመት የት እንደሠራሽ፣ ስንት ሰው ያለበት ቤት እንደነበር፣ ምን ዓይነት ሕመምተኛ እንደተንከባከብሽ፣ ምን ምን ማሽን እንደምትይዢ፣ ምን ምን ምግብ እንደምትሠሪ ጻፊ። ስትጽፊ «ረዳሁ» አትበዪ፤ ማን እንደሠራው ታውቂያለሽ፣ «ሠራሁ» በዪ።

አገር ቤት ስትገቢ ይህ ደብተር ወደ ወረቀት ሊቀየር ይችላል። የሙያ ብቃት ምዘና፣ ሁላችንም ሲኦሲ የምንለው፣ ኮሌጅ ተምሮ ለጨረሰ ብቻ አይደለም። ሙያውን በሥራ ላይ የተማረ ሰውም ቀርቦ መመዘን ይችላል። ብዙዎቻችን ሲኦሲን የምናውቀው ወደ ዐረብ አገር መውጫ ወረቀት አድርገን ስለሆነ፣ ስንመለስ ለሌላ ሙያ ሊያገለግለን እንደሚችል አናስበውም። በየትኛው ሙያ፣ በስንት ብር እንደሚመዝኑ ባካባቢሽ ካለው የምዘና ማዕከል ወይም የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሄደሽ ጠይቂ። ወረቀቱ ብቻውን ሥራ አያስገኝም፤ ግን «ሰው ቤት ነበርኩ» ከማለት ይልቅ የሚታይ ነገር ማቅረብ ደሞዝ ስትነጋገሪ አፍሽን ይከፍትልሻል።

ዐረብኛሽን አትጣይው

ቋንቋ ያው ሳናውቀው የምንይዘው ሀብት ነው፤ ግን የያዝነው ዐረብኛ ጉድለት አለው። ማዳም ስታናግረን በሴት ስለሆነ ሁሉንም በሴት ነው የምናናግረው። ቤይሩት ዳቦ ጋጋሪውን «ምን ፈለግሽ?» የምትል ሐበሻ ሞልታለች፤ ጋጋሪዎቹም ለምደውታል፣ አይስቁም። ወጥ ቤት ውስጥ በቂ ነው፤ ለአስጎብኚ ድርጅት፣ ለሆቴል ወይም ለአስመጪ ቢሮ ለመቀጠር ግን አይበቃም።

የምመክርሽ ፊደሉን እንድታጠኚ ነው። 28 ፊደል ነው፤ የኛን ፊደል የቆጠረ ሰው አይፈራውም። በቀን ሁለት ፊደል ብትይዢ በሁለት ሳምንት ይጠናቀቃል፣ ከዚያ በኋላ ወጥ ቤቱ ራሱ መማሪያ ይሆንልሻል፤ የሩዙ ከረጢት፣ የሳሙናው ካርቶን፣ የመድኃኒቱ ብልቃጥ። የልጆቹ አንደኛ ክፍል መጽሐፍ ካለ ደግሞ ከነሱ ጋር አብረሽ አንብቢ። ማንበብ የቻልሽ ቀን ነገ ለሥራ ከመጥቀሙ በፊት ዛሬ ይጠቅምሻል፤ ፈርሚ የምትባይው ወረቀት ላይ ደሞዝሽን «ተቀብያለሁ» ይበል አይበል ራስሽ ታያለሽ።

ለራስ የሚሠራ ነገር

ሁሉም ነገር ለገንዘብ መሆን የለበትም። እኔ እንዲያውም መጀመሪያ ገንዘቡን የሚያስቡት ቶሎ ሲሰለቹ ነው ያየሁት።

ከኛው መካከል ራሔል ዘገየን ጥቀሱ ብባል ሳላቅማማ እጠቅሳለሁ። ሊባኖስ ውስጥ የቤት ሠራተኛ ሆና እየኖረች ስለ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች ሕይወት «ቤይሩት» የሚል ፊልም ጽፋ፣ አዘጋጅታ፣ ከራሷ ኪስ እያወጣች ሠራች። ቀጥላም ቴአትር ጽፋ በዚያው ቤይሩት ለመድረክ አበቃች። የፊልም ትምህርት ቤት አልገባችም። የምትጽፈውን ሕይወት ግን ከማንም በላይ ታውቀው ነበር፤ ስለኛ ሌሎች ሲያወሩ ሁልጊዜ ወይ የሞትን ወይ ያበድን ነን፣ እሷ ግን የምንስቅ፣ የምንዋሽ፣ የምንዋደድ ሰዎች መሆናችንን ነው ያሳየችው።

ሌላዋ ፊሊፒናዊት ናት፤ ሲዛ ክሩዝ ባካኒ። በ19 ዓመቷ ሆንግ ኮንግ ሄዳ እናቷ በምትሠራበት ቤት የቤት ሠራተኛ ሆነች። የመጀመሪያ ካሜራዋን የገዛችው ከአሠሪዋ በተበደረችው ገንዘብ ነው። በእረፍት ቀኗ መንገድ ላይ እየዞረች በጥቁርና ነጭ ፎቶ ታነሣ ነበር። በ2014 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ፎቶዎቿ ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ወጡ፤ በ2015 የማግነም ፋውንዴሽን የሰብዓዊ መብት ዕድል አግኝታ ኒው ዮርክ ተማረች፤ በ2018 ስለ ስደተኛ ሠራተኞች «እኛ እንደ አየር ነን» የሚል የፎቶ መጽሐፍ አሳተመች። ይህን ታሪክ ስናገር አንዳንዶቻችሁ «የሷ ማዳም ጥሩ ስለሆነች ነው» ትላላችሁ። እውነት ነው፣ ዕድል አለበት። ካሜራ የሚያበድር ማዳም ስንቷ ታገኛለች? የእረፍት ቀንስ ስንታችን አለን? እኔ ከሷ ታሪክ የምወስደው ሌላ ነገር ነው። ታዋቂ ከመሆኗ በፊት ለዓመታት ማንም ሳያይላት ፎቶ ታነሣ ነበር።

ካሜራ የለሽም እንበል። ጥልፍ ግን መርፌና ክር ብቻ ነው የሚፈልገው። የነጠላሽን ጥለት ከልጅነትሽ ጀምሮ ታውቂዋለሽ፤ ካሬ ያለው ደብተር ላይ ንድፉን አውጪው። ዱባይ የምትሠራ አንዲት የወሎ ልጅ የአያቷን ተረቶች ትዝ እንዳላት በስልኳ እየቀዳች አስቀምጣለች፤ እስካሁን ሃያ ስድስት ደርሰዋል። ለማንም አላሰማቻቸውም። «እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አንዱን እቀዳለሁ፣ ከዚያ እተኛለሁ» ነው ያለችኝ። ለኔ ይህ በቂ ምክንያት ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ዕቃ፣ የሰው ልጅ፣ የሰው ትእዛዝ ይዞ የዋለ ጭንቅላት የራሱ የሆነ ነገር ሲያገኝ ያርፋል። እንቅልፍ ማጣቱ፣ ማልቀሱ፣ ምንም ነገር አለማስደሰቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለብሽ ግን ጥልፉ ብቻውን አይበቃም፤ ለምታምኛት ሰው ተናገሪ፣ የጤና ባለሙያ የምታገኚበትን መንገድ ፈልጊ።

ከመቅረጽሽ በፊት

ቲክቶክን መጥላቴ አይደለም፤ እኔም አያለሁ፣ እስቃለሁም። ግን ማዳም ሳሎን ውስጥ እየጨፈሩ መቅረጽ ጣጣ አለው። በሳዑዲ በ2007 የወጣው የሳይበር ወንጀል ሕግ በካሜራ ስልክ የሰውን የግል ሕይወት የነካን እስከ 1 ዓመት እስራትና እስከ 500,000 ሪያል በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። በኢምሬትስም ያለ ፈቃዱ ሰውን መቅረጽ ወንጀል ነው። ስለዚህ የቤቱን ልጆች፣ ታማሚዋን፣ የግድግዳውን ፎቶ፣ የመኪናውን ታርጋ አታሳዪ። ምግብ ስትሠሪ መቅረጽ ከፈለግሽ እጅሽንና ድስቱን ብቻ አሳዪ፤ ብዙ ተከታይ ያላቸው የምግብ ቪዲዮዎችም እኮ ከዚህ ሌላ አያሳዩም። በደል ስለደረሰብሽ ማስረጃ መያዝ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን ለሚመለከተው አካል ወይም ለሚረዳሽ ሰው ትሰጫለሽ እንጂ አትለጥፊውም።

ሁለተኛው ጥንቃቄ በእረፍት ቀን ስለሚሠራ ንግድ ነው። ሹሩባ እየሠሩ፣ እንጀራ እየጋገሩ መሸጥ የተለመደ ነው፤ ግን በባሕረ ሰላጤው አገሮች ኢቃማሽ የሚፈቅድልሽ በስፖንሰርሽ ስም የተመዘገበውን ሥራ ነው። ከዚያ ውጭ ተከፍሎሽ ስትሠሪ ብትያዢ እስከ መባረር ሊያደርስሽ ይችላል። አትማሪ አላልኩም፤ ለጓደኞችሽ በነፃ ሠርተሽ እጅሽን አፍታቺ፣ ንግዱን አገር ቤት ወይም ሕጋዊ ፈቃድ ያለሽ ቦታ አድርጊው።

«በአንድ ወር ዲፕሎማ» እያሉ በቲክቶክ ገንዘብ የሚሰበስቡትንማ ተያቸው። አድራሻው የማይታወቅ፣ ማኅተሙ የማን እንደሆነ የማይነበብ ወረቀት የትም አይቀበልሽም።

ጊዜ ከየት ይመጣል?

ይህን ስጽፍ «አንቺ ደግሞ፣ እኔ ሌሊት 7 ሰዓት ነው የምተኛው» የምትል እህት እንዳለች አውቃለሁ። ስለዚህ ቢያንስ ሕጉ ምን እንደሚል እንወቅ። በሳዑዲ ከ2024 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የቤት ሠራተኞች ደንብ የቀን ሥራን ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ ያደርጋል፣ በሳምንት 24 ተከታታይ ሰዓት እረፍት ይሰጣል። የኩዌት የ2015 ሕግ ቁጥር 68 የቀኑን ሥራ በ12 ሰዓት ገድቦ ሳምንታዊ የእረፍት ቀን ያዛል። በኳታር በ2017ቱ ሕግ ቁጥር 15 መሠረት 10 ሰዓትና በሳምንት አንድ ቀን ነው። በኢምሬትስ በ2022 የወጣው ሕግ በቀን 12 ሰዓት እረፍት፣ ከዚያ ውስጥ 8ቱ ሳይቋረጥ፣ እንዲሁም ሳምንታዊ እረፍት ይሰጣል። ሊባኖስ ትለያለች፤ የ1946ቱ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን በግልጽ አስወጥቷታል፣ ያለን ውሉ ብቻ ነው። ውሉ ላይ ሳምንታዊ እረፍት አለ፤ ሰዎቹ ግን «እረፍትሽን ቤት ውስጥ እረፊ» ይሉሻል።

ሕጉ ሁሉ በሩን ዘግተው ለሚያስሩሽ ሰዎች አያሳስባቸውም፤ አውቃለሁ። ቢሆንም ቁጥሩን አውቀሽ መጠየቅና ሳታውቂ መለመን አንድ አይደሉም። ማዳም ስሜቷ ጥሩ በሆነበት ሰዓት፣ እንግዳ በሌለበት፣ «ዓርብ ከሰዓት በኋላ ለኔ ይሁን» ብለሽ ከትንሹ ጀምሪ። እስከዚያው ግን እጅ ሥራ ላይ ሲሆን ጆሮ ነፃ ነው። ልብስ ስትተኩሺ የዐረብኛም ሆነ የእንግሊዝኛ ትምህርት በአንድ ጆሮሽ ማዳመጥ ትችያለሽ፤ በሁለቱም አታድርጊ፣ ጠርታሽ ሳትሰሚ ስትቀሪ ስልኩንም ትነጥቅሻለች። እንቅልፍሽን ቆርጠሽ ግን አትማሪ። አምስት ሰዓት የማትተኛ ሴት የተማረችውም አይያዝላትም፣ ብረት ምጣዱም ያቃጥላታል።

የኔ ስፌት

ቤይሩት ፍሪላንስ ስሠራ እሑድ እሑድ ሴቶች ተሰብስበው ስፌት የሚማሩበት ክፍል ነበር። በ2020 የሊራው ዋጋ ወድቆ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ቆንስላችን በር ላይ እየጣሉ ሲሄዱ እዚያው ክፍል ውስጥ ምግብ እናሽግ ነበር፤ በጎ ፈቃደኝነቱን የጀመርኩት ያኔ ነው። ስፌቱን የቀጠልኩት መጋረጃ ማሳጠር፣ ዚፕ መቀየር፣ የሱሪ እግር ማጠፍ ከቻልኩ በኋላ ነው። ቀሚስ መቅደድ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል።

አዲስ አበባ ስገባ መኪና የገዛሁት ወዲያው አይደለም። አንድ ሰፊ ጋ ተቀጥሬ ሰባት ወር ሠራሁ፤ የምትከፍለኝ ቤይሩት ከማገኘው ግማሹን አይሆንም ነበር። ቤተሰብ «ለዚህ ነው እንዴ የተመለስሽው?» አለ። ግን በሰባት ወሩ ውስጥ መርካቶ ውስጥ ክር የት እንደሚረክስ፣ ሽሮ ሜዳ ያሉት ነጋዴዎች ለሀበሻ ቀሚስ ስፌት ስንት እንደሚከፍሉ፣ ከበዓል በፊት ባለው ወር ምን ያህል ሥራ እንደሚጎርፍ፣ ከበዓል በኋላ ደግሞ እንዴት ጭር እንደሚል በሰው ገንዘብ አየሁ። ያገለገለ የእግር መኪና የገዛሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ስፌት ጤና ነው ብዬ አላታልልሽም። ሰው ቤት ጎንበስ ቀና ሲል የኖረ ወገብ መቀመጡ ያርፍበታል ብለሽ ታስቢያለሽ፣ ይብሳል እንጂ። ወንበሩ ከፍ ብሎ እግርሽ ወለል መንካት አለበት፣ በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥተሽ ተንጠራሪ፣ ዓይንሽንም አልፎ አልፎ ሩቅ አሳዪው። ጥቁር ጨርቅ በማታ አልሰፋም፤ ደንበኛ ይቆጣ።

ገንዘቡና ወረቀቱ

ሥራ ለመቀየር ያሰብሽው እቅድ አገር ቤት ከገባሽ በኋላ የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ነገር ነው፤ ያልተቀበልሽው ገንዘብና የተቀበልሽው ግን የሌለው ገንዘብ።

ያልተቀበልሽው የሥራ ማብቂያ ክፍያ ነው። በኩዌት ሕግ ለእያንዳንዱ የሠራሽበት ዓመት የ1 ወር ደሞዝ ነው። በኳታር አንድ ዓመት ከሞላሽ በዓመት ቢያንስ የ3 ሳምንት ደሞዝ። በሳዑዲ 4 ተከታታይ ዓመት ለሠራች የ1 ወር ደሞዝ። ብዙ ሴቶች ትኬትና ሻንጣ ሲሰጣቸው አመስግነው ይወጣሉ፤ ትኬቱ ከክፍያው ጋር አይገናኝም። አውሮፕላን ከተሳፈርሽ በኋላ መጠየቅ በጣም ከባድ ስለሆነ፣ ከመውጫሽ ሁለት ወር አስቀድመሽ ተነጋገሪ፣ ደሞዝ የተቀበልሽበትን ቀን ሁሉ ደብተርሽ ላይ ያዢ። ከቤቱ ጋር በሰላም የምትለያዪ ከሆነ ደግሞ የሥራ ልምድ ደብዳቤ አጽፊ። ከስንት እስከ ስንት ዓመት ምን እንደሠራሽ የሚገልጽ አንድ ገጽ፣ ስምና ፊርማ ያለበት። እንግሊዝኛ የምታውቅ ማዳም በአምስት ደቂቃ ትጽፈዋለች። የፓስፖርትሽን፣ የኢቃማሽንና የውሉን ፎቶ ለምታምኛት ሰው ልከሽ አስቀምጪ።

ሁለተኛው ስለ ቤተሰብ ስለሆነ ከባድ ነው። ወንድም ባጃጅ ገዛ፣ እናት ቤት አደሰች፣ የእህት ሠርግ ተደገሰ፤ ማንም ክፉ አይደለም፣ ገንዘቡ ግን የለም። እንዲህ ሆነው ተመልሰው በዓመቱ ደግመው የተሳፈሩ ሦስት ጓደኞች አሉኝ። ስለዚህ በራስሽ ስም ሒሳብ ክፈቺ፣ የፈለገውን ያህል ትንሽ ቢሆን ከምትልኪው ላይ የማይነካ ቁራጭ አስቀሪ፣ ምን ለማድረግ እንዳሰብሽም አስቀድመሽ ንገሪያቸው። «ለስፌት መኪና ነው» ስትያቸው «ይቀመጥልኝ» ከማለት ይልቅ ይረዱሻል። ካልተረዱሽም ስንት እንዳስቀመጥሽ የመንገር ግዴታ የለብሽም።

በቅርቡ ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝ ስለ ዕድሜ ነው። «ሠላሳ አምስት ሞላኝ፣ አሁን ማን ያስተምረኛል?» ትላላችሁ። የእሑዱ ክፍል ውስጥ ትልቋ አርባ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ እትዬ እንላት ነበር፣ ደስ አይላትም። መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቷት መነጽር አስገዛናት። ከሁላችንም ቀድማ የተደበቀ ዚፕ መስፋት የቻለችው እሷ ናት። አሁን ደብረ ብርሃን ነው ያለችው፤ ባለፈው ደውላ የብርድ ልብስ ጨርቅ ለካፖርት ገበር ይሆን እንደሆነ ጠይቃኝ ነበር። ይሞቃል ግን ይከብዳል አልኳት።